ከደቻቱ ዳር የተነሱት

በጋ ላይ ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍለውን ደቻቱን ያየ እንግዳ ወንዝ አየሁ አይልም። የሚያየው ሰፊ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየል ይነዳበታል፣ ገልባጭ መኪና ገብቶ አሸዋ ይጭንበታል። ከመጋላ ወደ ከዚራ የቸኮለ ሰው ድልድዩን ትቶ በመሃሉ ሰንጥቆ ይሻገራል። ስለዚህ ድሬ ላይ ወንዝ ዳር መኖር ሌላ ቦታ እንደሚታሰበው አይደለም። አረንጓዴ የለም፣ ቀዝቀዝ ያለ አየር የለም። ሰው እዚያ የሰፈረው ለውሃው ብሎ ሳይሆን ለገበያው ብሎ ነው።

የዚህ ጥናት ጉዳይ እነዚህ ሰዎች ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ሰፈራቸውን ጠረገው። ከዚያ በኋላ ከፊሉ ወደ ከተማው ጠርዝ ሄደ። ከፊሉ ቀረ። የወንዙ ግራና ቀኝ በግንብ ተያዘ፣ የዳሩም መሬት ሌላ ዓይነት ዓይን አረፈበት። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የጎርፍ አደጋ ተብሎ ነው። እኔ የቤት ጉዳይ አድርጌ ነው የማየው። ጎርፉ በአንድ ሌሊት መጥቶ ሄደ። የቤቱ ነገር ግን ዓመታት ፈጀ፤ አሁንም በአዲስ መልክ እየመጣ ነው።

ሰፈሩ እዚያ ለምን በቀለ?

ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር ይደርሳል ተብሎ ነበር። ተራራው ግን ለባቡር የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ደርሶ ቆመ፣ ከተማዋም እዚያው ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የደረሰው ከስንት ዓመት በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚራን የባቡር ኩባንያው በፕላን አወጣው፤ ቀጥ ያለ መንገድ፣ የዛፍ ጥላ፣ የሠራተኞች ቤት፣ ጣቢያው። ማዶ መጋላ በራሱ መንገድ አደገ። ጠባብ መተላለፊያ፣ ግቢ ከግቢ የተያያዘ፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ የተደባለቀበት። ባለ ቅስቱ ቀፊራ ገበያም እዚያው ነው።

በሁለቱ መሃል የቀረው የወንዙ ዳርቻ ነበር። ገንዘብ ያለው አልፈለገውም፤ ገንዘብ ያለው ያልፈለገው መሬት ደግሞ ርካሽ ነው። ከገጠር የመጣው፣ ከባቡሩ ሥራ የተቀነሰው፣ በጅቡቲ መስመር ዕቃ የሚያመላልሰው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ተሸካሚው እዚያ ተጠጋ። ቤቱ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ላዩ ቆርቆሮ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሲሆን ብዙ የኪራይ ቤት የቀበሌ ሆነ። ኪራዩ እዚህ ግባ የማይባል ብር ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። ልጅ ሲያገባ ጓሮ ላይ አንድ ክፍል ይጨመራል። ደባል ሲመጣ ሌላ። ጓሮው የሚገፋው ወዴት ነው? ወደ ወንዙ። ከጎን ጎረቤት አለ፣ ከፊት መንገድ አለ፤ ክፍት የነበረው አሸዋው ብቻ ነው።

ታዲያ አደጋውን አያውቁም ነበር? አሳምረው ያውቁ ነበር። ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. አልጀመረም፤ በ1973 ዓ.ም. የወሰደውን የሚያስታውሱ አዛውንቶች በሰፈሩ ነበሩ። የድሬ ልጅ ሁሉ ከላይ ከተራራው በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ከአሸዋው ውጣ ሲባል ነው ያደገው። አደጋው በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። የዕለት እንጀራ ግን በየቀኑ ይፈለጋል። ድሃ ሰው ይህን ሒሳብ ሠርቶ ነው የሰፈረው። ባለማወቅ ነው እያሉ የሚጽፉ ሰዎች ሁልጊዜ ይገርሙኛል።

የቀትሩ ሒሳብ

ድሬን ያልኖረባት ሰው ለመሥሪያ ቦታ ቅርብ መሆን ምን ማለት እንደሆነ በሙሉ ላይገባው ይችላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙቀቷ የታወቀ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ሰው ቤቱ ገብቶ ምሳውን ይበላል፣ የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመው በርጫውን ይይዛል። ፀሐይዋ ስትበርድ ገበያው እንደገና ይነቃል። ቀፊራና አካባቢው ከአሥር ሰዓት እስከ ምሽት የሚደምቁበት ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ በድሬ የሥራ ቀን አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። ቲማቲም፣ ሎሚና ቃሪያ ጉሊት ላይ የምትቸረችር ሴት ማልዳ ትወጣለች፣ ቀትር ላይ ትገባለች፣ ከሰዓት ደግማ ትወጣለች። ቤቷ ደቻቱ ዳር ከሆነ ይህ ሁሉ በእግር ነው። የተረፈውን ቲማቲም እርጥብ ጆንያ አልብሳ ጥላ ውስጥ ታስቀምጣለች። ለልጆቿ ምሳ ትሠራለች፣ የታመመ ካለ ታያለች፣ ጎኗን ታሳርፋለች። ከዚያ ተነስታ አምስት ደቂቃ ብትራመድ ቦታዋ ላይ ናት።

አሁን ይህችኑ ሴት ከከተማው ጠርዝ አስቀምጧት። ጠዋት ባጃጅ፣ ማታ ባጃጅ። ቀትር ላይ ቤቷ ልትገባ ብትል ሌላ ሁለት ጉዞ። የጉሊት ትርፍ አራት ጊዜ ታሪፍ አይችልም። ስለዚህ ቀትሩን ገበያው ላይ፣ ጆንያ ዘርግታ፣ በዚያ ሙቀት ታሳልፈዋለች። ልጆቹ ምሳቸውን ራሳቸው ያገኛሉ ወይም አያገኙም። ቲማቲሙ ከሰዓት በፊት ይለሰልሳል፣ ዋጋው ይወርዳል። ጫት የምትሸጥም ብትሆን ያው ነው። ከአወዳይ በኩል የመጣው ጫት ትኩስነቱ ሳያልፍ ነው መሸጥ ያለበት፤ መኪናው ሲራገፍ እዚያ ያልተገኘች ምርጡን አታገኝም። ተሸካሚውም እንደዚሁ። ጭነት በመጣ ሰዓት የሚጠራው በቅርብ ያለው ነው።

ዱቤም አለ። የሰፈር ባለሱቅ ዘይቱንና ዱቄቱን በደብተር ጽፎ የሚሰጠው ለሚያውቀው ሰው ነው። ይህ እምነት የሚገነባው በዓመታት ነው። አዲስ ሰፈር ላይ ማንም ለማንም አይጽፍም፤ ሁሉም እንግዳ ነዋ!

ያቺ ሌሊት

ለሐምሌ 30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ነበር። ከድሬ በስተደቡብ ያለው ተራራ፣ ደንገጎና ዙሪያው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ርቀቱ አጭር ነው። ደጋው ላይ የጣለ ከባድ ዝናብ በብዙ ሸለቆ ወርዶ ደቻቱ ላይ ይገናኛል፤ የተራቆተ መሬት ደግሞ ውሃ አይዝም። ከተማዋ ላይ ጠብ ያላለ ቀን እንኳ ጎርፍ ሊመጣ የሚችለው ለዚህ ነው። የዚያን ሌሊት ውሃው የመጣው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ድንጋይ፣ ግንድ፣ አሸዋ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የጭቃ ግድግዳ እንኳን ለዚያ ለቀላሉም አይቆምም።

ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ተፈናቀለ። ብዙ የጠፉ ሰዎች አስከሬናቸው እንኳ አልተገኘም። በማግስቱ አሸዋው ላይ ሰው ዘመዱን ሲፈልግ የዋለበትን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀየራል። ከዚህ በላይ አልጽፍበትም።

ተጎጂ ሆኖ መነሳት

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከጎርፉ አንድ ዓመት በፊት አዋጅ ቁጥር 455/1997 ወጥቶ ነበር። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ መሬቱን የሚለቅ ሰው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ካሳ እንደሚገባው የሚደነግግ ሕግ ነው። ካሳው ትንሽ ነው፣ ግምቱ ዝቅ ያለ ነው የሚል ክርክር ብዙ ነበር። ያም ሆኖ ተነሺው በእጁ የሚይዘው ነገር አለው። መብት አለኝ ብሎ ይጠይቃል፣ አቤት ይላል።

ጎርፍ የወሰደበት ሰው ግን በዚህ ሕግ ተነሺ አይደለም። ተጎጂ ነው። ተጎጂ የሚሰጠው እርዳታ ነው፤ ብርድ ልብስ፣ ስንዴ፣ ድንኳን፣ ቆይቶም ቤት። እርዳታ ደግሞ ይመሰገንበታል እንጂ አይከራከሩበትም። የሚሰጥህ ቤት ራቀብኝ ማለት ነውር ይመስላል። እንዲህ ያለ ሰው ምስጋና ቢስ ይባላል። ደቻቱ ዳር የነበሩ ቤተሰቦች ወደ ከተማው ዳር ዳር ሲወሰዱ ስለ ርቀቱ ጮክ ብሎ የተነጋገረ የሌለው ለዚህ ይመስለኛል።

እርግጥ ነው፣ ሌላ ምርጫ ያን ያህል አልነበረም። ክረምቱ አላለቀም፣ ሰው ድንኳን ውስጥ ነው፣ ዳር ላይ መልሶ ቤት ሥሩ ማለት ነፍስ ማጥፋት ነው። ባዶ መሬት ያለው ጠርዝ ላይ ነው። በወቅቱ ኃላፊ ብሆን እኔም ያንኑ ሳላደርግ አልቀርም። ችግሩ ያኔ የተደረገው አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያልተደረገው ነው። ቤት ተሰጠ፣ ፋይሉ ተዘጋ። ከቤቱ ጋር የነበረውን ሥራ ማን ይመልሰው? የባጃጅ ታሪፍ በማን ኪስ ነው? ይህን የሚጠይቅ ወረቀት አልነበረም።

የምዝገባው ነገርም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ ዝርዝር የሚያዘው በቤት ቁጥር ነው። አንድ ቁጥር ደግሞ አንድ ቤተሰብ አይደለም። በአንድ የቀበሌ ቤት ግቢ አያትየዋ አለች፣ ያገባች ልጇ ጓሮ ላይ አለች፣ ደባል አለ፣ አንዳንዴ ማታ ማታ ብቻ የሚያድር ተሸካሚ አለ። ስሙ ወረቀት ላይ ያለው የአያትየዋ ነው። ምትኩ ለእሷ ይወጣል። ሌላው የት ይገባል? ወይ እሷው ጋ ተጨናንቆ ይገባል፣ ወይ ወደ መጋላ ተመልሶ ሌላ ጓሮ ይከራያል። ከደቻቱ ዳር የተነሳ ሁሉ ጠርዝ ሄደ ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው። ደካማው ሄደ፣ ጉልበት ያለው ለሥራው ሲል ተመለሰ፤ አንዳንድ ቤተሰብም በዚሁ ለሁለት ተከፈለ።

እድርና አፎቻ ሌላው ነው። ድሬ ላይ ክርስቲያኑ እድሩን፣ ሙስሊሙ አፎቻውን ይዞ ነው የሚኖረው፤ ጎረቤት ደግሞ የሁለቱም ለቀስተኛ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ሠርግ ሲኖር ድስት የሚያውሰው ይኸው ማኅበር ነው። ሰፈር ሲበተን አባሉ መዋጮውን ለመክፈል በባጃጅ ይመጣል። መጀመሪያ በየወሩ፣ ከዚያ አልፎ አልፎ፣ ከዚያ ስሙ ይሰረዛል።

ግንቡና ከግንቡ ኋላ የቀሩት

ከጎርፉ ወዲህ በደቻቱ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ሕይወት አድኗል ብዬ አምናለሁ። ግን ግንብ ብቻውን የሚጨርሰው ነገር አይደለም። ደቻቱ በየክረምቱ ደለል ያወርዳል። አሸዋው ከፍ ባለ ቁጥር ግንቡ ያጥራል፣ በድልድዩ ሥር ያለው ቀዳዳም ይጠባል። አሸዋ የሚጭኑት ልጆች አካፋቸውን ይዘው ሳያውቁት የከተማዋን የጎርፍ መከላከል ሥራ እየሠሩ ነው ማለት ይቻላል። በእርግጥ የት ቦታ እንደሚቆፍሩ የሚነግራቸው ያስፈልጋል፤ የግንቡን እግር ከቆፈሩት ተገላቢጦሽ ነው። ከግንቡ ጀርባ ደግሞ የሰፈሩ የራሱ ዝናብ አለ። ወደ ወንዙ የሚያስወጣው ቦይ በፌስታልና በሃይላንድ ጠርሙስ ሲደፈን ውሃው ሰፈር ውስጥ ይተኛል። በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያም ድሬ ላይ ጎርፍ እንደገና ሰው ወስዷል። የላይኛው ተፋሰስ ከፊሉ በምሥራቅ ሐረርጌ ስለሆነም፣ ድሬ ብቻዋን ዛፍ ተክላ እርከን ሠርታ የምትጨርሰው አይደለም።

ግንቡ ያመጣው ሌላው ነገር እምነት ነው። ዳሩ የማይፈለግ መሬት መሆኑ ቀረ። ውሃ የማይገባበት፣ ከገበያው አፍንጫ ሥር ያለ መሬት ማን ይጠላል? እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጭቃው ግድግዳ በብሎኬት ይቀየራል፣ ብሎኬቱ ፎቅ ይሆናል፣ ሱቅና ካፌ ይከፈታል። ባለይዞታ የሆነው ተጠቀመ። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ባለበት ቆመ፤ ቤቱን እንደፈለገ ማደስ አይፈቀድለትም፣ መልቀቅም አያዋጣውም። ደባሉ ግን በጎርፍ ሳይሆን በኪራይ ተገፋ። አከራይ ክፍሏን አፍርሼ ልሠራ ነው ሲለው ካሳ የሚባል ነገር የለም፤ የወር ማስጠንቀቂያ ካገኘም ዕድለኛ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚቆረቁረኝ። መሬቱ አደገኛ በነበረ ጊዜ አደጋውን የተሸከሙት እነዚያ ሰዎች ናቸው። መሬቱ ሲድን ጥቅሙ ለሌላ ሆነ። በተጎጂነት ስለወጡ በኋላ ከመጣው ዋጋ ላይ የእኔም አለበት የሚሉበት ወረቀት የላቸውም። ማንም ተንኮል አልሠራባቸውም። ሕጉ ያላያቸው ቦታ ላይ ቆመው ነበር፣ በቃ።

አሁን ደግሞ ኮሪደር

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ሲዛመት ድሬም ደረሰ። መንገድ ይሰፋል፣ የእግረኛ መሄጃ ይነጠፋል፣ መብራት ይተከላል። ከተማዋ ማማሯን የሚጠላ የለም፤ እኔም ማታ ማታ በተነጠፈው ላይ መሄድ ደስ ይለኛል። ጥያቄው የደቻቱን ዳር የሚነካ ሥራ ሲመጣ በ1998 ዓ.ም. የሆነው ይደገማል ወይ ነው።

በወረቀት ደረጃ ነገሩ ተሻሽሏል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የድሮውን 455/1997 ተክቶታል። መልሶ በሚለማ ቦታ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት፣ ለብቻም ሆነ ተደራጅተው፣ ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ አላቸው ይላል። ከንብረት ካሳ በተጨማሪም ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሳ አስገብቷል። እድሩና አፎቻው በሕግ ዓይን ዋጋ አገኙ ማለት ነው። ደቻቱ ዳር የነበሩት ይህን ሕግ የቀደሙት በ13 ዓመት ነው።

የቀረው ቀዳዳ ሁለት ነው። አንዱ የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው። ቤቱ የእሱ ስላልሆነ የሚገመትለት ንብረት የለውም። የሚጠብቀው ሌላ የኪራይ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ነው። የጉሊት ሴት የኮንዶሚኒየም ቅድመ ክፍያ ከየት ታመጣለች? ብታመጣስ? የድሬ ሰው በሞቃት ወር አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚተኛው። አራተኛ ፎቅ ላይ ግቢ የለም። እንጨት አንድዶ እንጀራ መጋገር የለም፤ ጋግራ የምትሸጠው ሴት ሥራዋ እዚያው ደረጃው ሥር ቀረ። ሁለተኛው ቀዳዳ ደባሉ ነው፤ እሱን ሕጉ አሁንም አያየውም።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ከዳር የሚነሳ ሰው ካለ፣ ምትኩ ከቀፊራ በእግር የሚደረስበት ቦታ ይሁን። መጋላ ውስጥ ግድግዳቸው የዘመመ፣ ግቢያቸው ሰፊ የሆነ የቀበሌ ቤቶች አሉ። እነሱን ነዋሪውን ሳይበትኑ፣ ተራ በተራ፣ መሬትና አንድ ፎቅ አድርጎ መሥራት ይቻላል። መሃል ላይ ጥላ ያለው የጋራ ግቢ፣ ዳር ላይ ማብሰያ፣ መሬቱ ላይ ለጉሊት ዕቃ የሚሆን ጓዳ። ከጠርዙ ሰፈራ ይልቅ በአንድ ቤት ወጪው ሊበልጥ ይችላል። ግን ጠርዝ ላይ መንገድ፣ ውሃና መብራት የሚዘረጋበትን ብር፣ ነዋሪው ለባጃጅ የሚከፍለውንም ደምረው ያስቡት።

ይህ እስኪሆን ደግሞ ወጪ የማይጠይቅ ነገር አለ። የተነሺ መመዝገቢያ ቅጽ የቤት ቁጥር፣ የባለቤት ስም፣ የክፍል ብዛት ይጠይቃል። ሦስት መስመር ቢጨመርበት አንድ ገጽ አይሞላም። በዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ምድጃ ይነዳል? እያንዳንዱ ጎልማሳ የሚሠራው የት ነው? ቀትር ላይ ቤቱ ይገባል ወይ? የቀበሌ ሠራተኛ ይህን በአንድ ጠዋት ቤት ለቤት ዞሮ ሊሞላው ይችላል፤ ከሰዓት ሰው ስለሚተኛ ጠዋት መሄዱ ይሻላል።